ሊቀ እንክብል የቀሉ ዕለት

ሳይታመም መድኃኒት የሚውጥ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። የኛ ቤት የለበትም የሚል ካለ ደህና አድርጎ አልፈለገም ማለት ነው፤ ትራስ ሥር፣ ኮት ኪስ፣ መነጽር ማኅደር ውስጥ ይፈልግ። የእኛ ቤት ሰው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሙያው ልብስ ሰፊነት፣ ማዕረጉ ሊቀ እንክብል። ማዕረጉን የሰጠችው እናቴ ናት፤ ለሽሙጥ ነበር፣ እሱ ግን ደስ ብሎት ተቀበለ። እኔ "ጋሼ" እያልኩ አንተ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንቱ ነው።

ጋሼ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ደረጃውን ሲወጣ ኪሱ ውስጥ ያሉት ብልቃጦች ምት ጠብቀው ይንሿሿሉ። እኔ ዘፈን ሲያንጎራጉር የሚውል ሰው ነኝና ስንት ጊዜ በዚያ ምት ላይ ግጥም ገጥሜበታለሁ። ሱቁ ውስጥ ክኒኖቹን የሚያስቀምጠው ከቁልፎቹ ጋር በአንድ ሣጥን ነው፤ ደንበኞቹ ሸሚዛቸውን ሲረከቡ ቫይታሚን ሲ እንዳይሰፋባቸው አንድ በአንድ ይነካካሉ።

ስለ ቫይታሚን የሚያምነው አንድ ነገር ነው፤ ሰውነት ከተቃወመ፣ መድኃኒቱ ደርሷል። ቫይታሚን ቢ ወስዶ ሽንቱ እንደ አዲስ ወርቅ ቢጫ ሲሆን ሌላ ሰው ሐኪም ጋ ይሮጥ ነበር፤ ጋሼ ግን ከመጸዳጃ ቤት ብቅ ብሎ "እየሠራ ነው!" አለ። የካሮት እንክብል የጀመረ ሰሞን መዳፉ ብርቱካን መሰለ። ሱሪ ልታሳጥር የመጣች ነርስ እጁን ይዛ "ወንድሜ፣ ጉበትህን ተመርምረሃል?" ብትለው፣ "እየሠራ ነው እህቴ" ብሎ ሜትሩን ዘረጋ። የብረት እንክብል የወሰደ ጊዜ ሆዱ እንደ ካዝና ተቆለፈ። ያን ጊዜም "እየሠራ ነው" ብሏል፣ ድምፁ ትንሽ ቢሰልም። የዓሣ ዘይት ሲያስገሳው ደግሞ የጎረቤት ድመት ከስፌት መኪናው እግር ሥር አልነቃነቅ አለች። ቫይታሚን ሲ ያበዛ ዕለት ሜትሩን ደንበኛው ወገብ ላይ እንደጠመጠመ ጥሎት ሮጠ፤ ሰውዬው ክንዱን ዘርግቶ ቆሞ ሲጠብቅ ከጓዳ የመጣለት መልስ ያው ነበር።

ሰው ይስቅበታል። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ነው የማየው። የገዛ አካሉ እንዲህ ሲያሳድደው የማይቀየም ሰው የት ይገኛል?

ዘፈን ውስጥ ያፈቀረ ሁሉ ይነዳል፣ ይከስላል፣ አመድ ይሆናል። እኔም በፍቅር ነድጃለሁ ብዬ ስንት አንጎራጉሬያለሁ። በዓይኔ ሲነድ ያየሁት ሰው ግን ጋሼ ብቻ ነው፤ የነደደውም በእኔ ፍቅር ነው።

የወደድኳት ልጅ አባት ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ፈታሽ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሻንጣ ያስከፈቱት የሰው ጆሮ እያዩ ነው፤ "የሚዋሽ ሰው ጆሮው ይቀላል፣ አለቀ" ይላሉ። እሷ ደግሞ ቁርጡን ነግራኛለች፤ "እወድሃለሁ። አባቴን አስከፍቼ ግን ከዚህ ቤት አልወጣም።" አባቴ በሕይወት የለም፤ ስለዚህ ሽማግሌዬ ጋሼ ሆነ።

ራሱ የሰፋውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ከቤት ስንወጣ ናያሲን የሚባለውን ቫይታሚን አውጥቶ ሁለት ፍሬ ዋጠ።

"ጋሼ፣ ቁርስ በልተሃል?"

"በባዶ ሆድ ነው የሚፈጥነው። ዛሬ ላንተ ስል ሙሉ ጉልበት ያስፈልገኛል።"

ሳሎኑ ውስጥ አባቷ መስኮቱን ከኋላቸው አድርገው፣ ብርሃኑን እኛ ፊት ላይ ለቀው ተቀመጡ። የሥራ ልምድ ነው። እሷና እናቷ ከጎን ተቀመጡ። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ልጃችን ጨዋ ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም። ማልዶ ይነሳል።"

ማልዶ የሚለው ላይ ትንሽ ተጨምሮበታል። ልክ እዚያ ላይ ደግሞ ጆሮው ቀላ።

መጀመሪያ የጆሮው ጫፍ፣ ቀጥሎ አንገቱ፣ ቀጥሎ ጉንጩ። ጋሼ መልኩ ቀይ ነውና የሚደበቅ ነገር የለም። ጀምበር ስትጠልቅ ሰማዩን አይታችሁታል? እሱን ከረባት አስራችሁ አስቡት። አንገቱን አከከ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ፣ ላቡን ጠረገ። እኔ ፈርቼም ቢሆን ማድነቄን አልተውኩም።

"ወንድሜ፣ ምነው ቀሉ?" አሉ አባቷ ጎንበስ ብለው።

"ቫይታሚን ነው ጌታዬ። ናያሲን የዋጠውን ሁሉ ያቀላል።"

"ሙቀት ነው ያለኝ አለ። ሚስቴ ናፍቃኝ ነው ያለኝም አለ። በቫይታሚን ሲያመካኝ የሰማሁት ግን እርስዎን ብቻ ነው።"

ልጅቷ አየችኝ። ጣቶቿን እያፍተለተለች ነበር። አበቃልኝ አልኩ።

ጋሼ ብልቃጡን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ይኸው። ይፈትሹት።"

አባቷ መነጽራቸውን አደረጉ። ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ አንዱን ፍሬ ወደ ብርሃን አነሱ። "ውሃ ስጪኝ" አሏት ለሚስታቸው።

"ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! የሰው መድኃኒት!"

"ሳልፈትሽ ያሳለፍኩት ዕቃ የለም።"

ጋሼ ግፊት አለብዎት ወይ፣ ስኳር፣ ጉበት ብሎ ጠየቀ፤ የለብኝም ሲሉት ግማሹን ብቻ ቆርሶ ሰጣቸው። ዋጡ። ከዚያ ጠበቅን። እስከዚያው የጋሼን ኮት አስወልቀው ገበሩን ገልብጠው መረመሩ፤ "ስፌቱ ንጹሕ ነው" አሉ፣ ቅር እያላቸው።

እናቷ በዓይናቸው ልጃቸውን እያመለከቱ ባላቸውን ጠየቁ። "ለመሆኑ ብትሄድ ትችለዋለህ?"

"እኔ? ዛሬውኑ ብትሄድ ምንም አይመስለኝም። እንዲያውም ቤቱ ይሰፋልኛል።"

ጆሯቸው ፍም መሰለ።

"ጆሮህ!" እናቷ አጨበጨቡ። "ኧረ ጆሮውን እዩልኝ!"

"ይቆጠቁጣል እኮ!" አሉ አባቷ አንገታቸውን እያከኩ፤ ሳቅ ቤቱን ሞላው፤ እሳቸውም ሳቁ። እየሳቁ ልጃቸውን አዩ፤ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ዓይናቸው ዕንባ ሞላ፣ በጉንጫቸው ወረደ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ በገዛ ኬላቸው እንደተያዘ ሰው ግራ ተጋብተው ጋሼን አዩት።

"ይሄስ? ይሄም... የሱ ነው?"

ጋሼ ከየብልቃጡ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ በቃሉ ይዞታል፤ በቫይታሚን ነገር ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር ሳይቀር ተጣልቷል። ዕንባ የሚል ወረቀት የለም። ልጅቷን አየ፣ አባቷን አየ፣ ከደረት ኪሱ መሀረቡን አውጥቶ ዘረጋላቸው።

"አዎ ጌታዬ። ዋና ጠባዩ እሱ ነው። አባት የሆነ ሰው ላይ ይበረታል።"

ከሰማኋቸው ዘፈኖች ሁሉ ያቺን ውሸት የሚያህል አላውቅም።

አባቷ ወደ ጋሼ ጆሮ ጠጋ ብለው አዩ። ሁለት ፍሬ የዋጠ ሰው ቶሎ አይበርድም፤ ጆሮው ከቅድም ጀምሮ እንደቀላ ነው፣ ምንም አይነበብበትም። ፊታቸውን በመሀረቡ ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"በል" አሉኝ፣ "እለፍ።"