የእታፈራሁ በር

ሽብሩ ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየ። ሌሊት ቢሆን ኖሮ አማትቦ ይተወው ነበር፤ የቀን ሕልም ግን ሰውን ያበሽቃል። ሽብሩ ደግሞ ለመበሸቅ ሕልም የሚያስፈልገው ሰው አይደለም። የወንድ ሱፍ ሰፊ ነው። ደንበኞቹን «ነገ ኑ» ሲል ዓመታት አልፈውታል፤ ሌላ ሰው እሱን «ነገ ና» ያለው እንደሆነ ግን ደሙ ይፈላል።

ሰሞኑን ደሙን ያፈላችው መኪና ናት። ከሦስት ወር በፊት ለማንም ሳይናገር፣ ለሚስቱ ለእታፈራሁም ጭምር፣ አንዲት ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና ገዝቶ እየነዳ ግቢ ገባ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ የማያልፍ፣ ዕድሜዋ ግን ከትዳራቸው የሚበልጥ። ሻጩ «ትንሽ ትንሽ ነገር ብቻ ነው ያላት» ብሎት ነበር። አልዋሸም፤ ሞተሯ ጤነኛ ነው። ግን ፍሬን ሲያዝ የግራ ፍሬቻዋ ይበራል። ክላክሷ የሚጮኸው መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ብቻ ነው። የዝናብ መጥረጊያዋ ፀሐይ ሲወጣ ይነሳና ዝናብ ሲመጣ ይተኛል። የሾፌሩ መስታወት እንደተዘጋ ቀርቷል። ከሁሉም የከፋው ግን የእታፈራሁ በር ነበር። ከውጭ ይከፈታል፤ ከውስጥ ቢጎትቱት ቢለምኑት ወይ ፍንክች።

እታፈራሁ ግቢው ውስጥ እጀታውን አንዴ ሞከረችውና «ከውስጥ የማይከፈት ነገር ውስጥ እኔ አልገባም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያንም ገበያም ለቅሶም የምትሄደው በታክሲ ነው። ሽብሩ ባዶ ወንበር ጎኑ አድርጎ ሲዞር የሚያውቁት ሁሉ «ባለቤትህስ?» ይሉታል። ይህ ነገር አንገበገበው። ይቺን መኪና ሲገዛ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እታፈራሁን ጎኑ አስቀምጦ በሰው መሀል ማለፍ። ያ አንድ ነገር ግን አልሆነም።

መካኒኩ ተማም ሦስት ወር ሙሉ «ትንሽ ነገር ናት ጋሼ፣ ነገ ና» ሲለው ከረመ። ሽብሩ በነጋታው ሲሄድ ፍሬቻው ተሠርቶ ክላክሱ ተበላሽቶ ያገኛል፤ ክላክሱ ሲሠራ ደግሞ የውስጥ መብራቷ አልጠፋም ይላል። ምን ዓይነት ጥገና ነው ይሄ? ትናንት ግን ተማም ራሱ ደውሎ «ዛሬ የእትዬን በር እጨርሳለሁ» አለው። መኪናዋ ጋራዡ አድራ ነበርና ሽብሩ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ሕልሙ የመጣበት እዚያው ነው።

በሕልሙ መኪናዋ ተሠርታ አልቃለች። እታፈራሁ ነጠላዋን አስተካክላ ጎኑ ተቀምጣለች። እጀታውን ጎተት ስታደርገው በሩ ይከፈታል፤ ትዘጋዋለች፤ ደግማ ትከፍተዋለች።

«ሽብሩዬ» አለችው፣ «ሳታማክረኝ ስለገዛሃት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዳንዱ ባል እኮ ሚስቱን ጠይቆ ነው የሚገዛው።»

«ምን ያለው ወንድ ነው እሱ» አለ ሽብሩ ደረቱን ነፍቶ።

መንገዱ ላይ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። የታክሲ ረዳት ወርዶ አንዲት ሴትዮ እያባረረ «መልስሽን ተቀበይ» ይላል፤ ሴትዮዋ «አልፈልግም አልኩህ፣ ተወኝ» እያለች ትሮጣለች። ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸውና ሰላምታ ሰጥቶ የራሱን መንጃ ፈቃድ አወጣ። «ጥፋቴ ምንድን ነው?» ብሎ ሽብሩን ጠየቀው። ሽብሩ ገና ሳይመልስለት «እባክዎ፣ ለዛሬ ብቻ ይለፉኝ» ብሎ ጎንበስ አለ።

በገዛ ሱቁ በር ሲያልፉ ሱፎቹ ከመስቀያቸው ወርደው አስፋልት ዳር ቆመዋል። አንዱ ጥቁር ኮት ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለና የሽብሩን ወገብ ለካ። «ወፍረሃል» አለው። «ከጎንና ከጎን ቆርጠን እናጠብሃለን። ነገ ና።»

«ነገ ና የምትለው ማንን ነው?» አለ ሽብሩ። «እኔ ነኝ የሰፋሁህ።»

«ታዲያ እኔ አላማረርኩ። አንድ እጅጌዬ አጥሮ እንኳ ዝም ብያለሁ» አለ ኮቱ።

ሽብሩ እየተቃጠለ ነዳ። ለእታፈራሁ ውሃ ሊገዛ አንድ ኪዮስክ ፊት አቆመ። ዞር ሲል ሁለት ጎረምሶች መኪናዋ ላይ ተለጥፈዋል። አንዱ ስፖኪዮ ይዟል፣ ሌላው ካቻቢቴ። እስኪደርስባቸው ሦስተኛ ስፖኪዮ ገጥመው እግሬ አውጪኝ አሉ።

«ሌባ! ያዙልኝ» አለ ሽብሩ።

«ምን ወሰዱብህ?» አለ ባለ ኪዮስኩ።

«የት ወሰዱብኝ፣ ጨመሩብኝ እንጂ።»

«አይ የዘንድሮ ልጆች» አለ ባለ ኪዮስኩ ራሱን እየነቀነቀ። «የኔንም ሱቅ ትናንት ሰብረው ስኳር አስገቡበት። ዛሬ ሁለቱን ኩንታል የት አባቴ ላድርገው?»

እንዴት እንደደረሱ ሳይታወቅ ዓመታዊ የመኪና ምርመራ ግቢ ውስጥ ተገኙ። የቢሮው ሠራተኞች ወረቀታቸውን ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ባለጉዳዮቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። አንዲት ባለጉዳይ ጥፍሯን እየሞረደች ሰልፉ ፊት ላለው ሠራተኛ «ዛሬ ጉዳይ የለኝም፤ ሰኞ ብቅ በል» አለችው። ሰውየው እጅ ነስቶ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ። አጥሩ ጥግ መኪኖች በጀርባቸው ተንጋለው መካኒኮች ሥር ገብተዋል። አንድ አሮጌ ሎንቺና የመካኒኩን ጉልበት በመፍቻ መታ መታ አድርጎ «ትንሽ ነገር ናት» ይላል።

መርማሪዋ በቅሎ ነበረች። መነጽር አድርጋለች፣ ኮፍያዋን በጆሮዎቿ መሀል ደፍታለች። መኪናዋን ዞረቻት፣ ደግማ ዞረቻት።

«ጉድለቷ የት አለ?»

«ጉድለት የላትም» አለ ሽብሩ በኩራት። «ሁሉንም አስጠግኛለሁ።»

በቅሎዋ መነጽሯን አወለቀች። «ጉድለት የሌላት መኪና መንገድ ላይ አትወጣም። ሕግ ነው።»

«የምን ሕግ? ማን ያወጣው?»

«እናቴ ፈረስ ናት» አለች በቅሎዋ።

ሽብሩ ጦፈ። «አባትሽ ማነው መቼ አልኩሽ? የሕጉን ባለቤት ነው የጠየቅሁሽ።»

«እሱንም አልነግርህም። ኮፈን ካልተከፈተ ሰው መንገድ ዳር በምን ይሰበሰባል? መንገደኛው ሁሉ እጁን ኪሱ ከቶ ‹ባትሪው ነው› ሳይል ቤቱ ሊገባ ነው? አገር የሚፈርሰው እንዲህ ነው።»

በሩ ላይ ደላሎች ነበሩ። በእኛ አገር ለምርመራ ቀን ደህና ጎማና የእሳት ማጥፊያ ተከራይቶ፣ ካለፈ በኋላ የሚመልስ ሰው ሞልቷል። እዚያ የሚከራየው ጉድለት ነው። «የሚያንቋርር ማጠፊያ አለ፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ አለ፣ የቆየ የአባት የእናት ጭረት አለ» እያሉ ይጣራሉ። ክፍያው ምስጋና ብቻ ነው። ሽብሩ አንድ የማይጮኽ ክላክስ መረጠ።

«አመስግነኝ» አለ ደላላው።

ሽብሩ አፉን ከፈተ። ሦስት ወር መካኒክ ሲሳደብ የከረመ አፍ ምስጋና ከየት ያምጣ? «እግዜር… እግዜር…» ብሎ አነቀው።

«ይህን ያህል ውድ ሆኖብህ ነው?» አለ ደላላው አዝኖ። «በቃ ላንተ ስል ልቀንስ። ‹እንደምን ዋልክ› በለኝና ውሰደው።»

ሽብሩ ጥርሱን ነክሶ እንደምን ዋልክ አለና ክላክሱን ተቀበለ። እንዲህ ያለ ዝርፊያ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም።

በቅሎዋ ክላክሱን አይታ አፍንጫዋን ነፋች። «ይሄ የኪራይ ነው። እኔ የራሷን ጉድለት ነው የምፈልገው።» ከዚያ ላሜራውን እያሸተተች ሄዳ የእታፈራሁ በር ላይ ቆመች። «እዚህ ጋ ነበረ። ገና ትኩስ ነው። ወደ ቦታው መልሰው።»

ሽብሩ ሌላውን ሁሉ ችሎ ነበር። ይህን አልቻለም።

«አልመልስም» አለ። «ፍሬቻውን ውሰጂ፣ ክላክሱን ውሰጂ፣ ካሰኘሽ መሪውን ነቅለሽ ሂጂ። ይሄን በር ግን ማንም አይነካውም። ጎኔ ባዶ ወንበር ይዤ ስዞር ከተማው ሁሉ ስቆብኛል። ከእንግዲህ ሚስቴ ስትገባም በፈቃዷ ነው፣ ስትወጣም በፈቃዷ ነው። ሕጋችሁ ይሄን የማይፈቅድ ከሆነ ሕጋችሁ ገደል ይግባ።»

ሰልፍ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ጫማቸውን አውልቀው በጫማቸው አጨበጨቡ። እታፈራሁ እንባዋን ጠረገች። ሽብሩ በገዛ ንግግሩ ልቡ ተነካ። ለሚስቱ ይህን ያህል የሚቆረቆር ባል ከየት ይገኛል ብሎ አሰበ።

የበቅሎዋ ፊት ግን አልተፈታም። «ከዚህ በር ካነሳኸው የት አደረግከው?»

«የትም። ተጠገነ፣ ጠፋ።»

«እዚህ ሥራ ላይ አርጅቻለሁ» አለች በቅሎዋ። «ጉድለት ቦታ ሲቀይር እንጂ ሲጠፋ አይቼ አላውቅም። ንገረኝ፣ ወዴት ሄደ?»

ሽብሩ ሊመልስ ሲል ጀርባዋን ሰጠችውና የመኪናዋን መስታወት በኋላ እግሯ ትደበድበው ጀመር።

ባነነ። መስታወቱን የምታንኳኳው እታፈራሁ ናት። ሽብሩ ተማም ጋራዥ ውስጥ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ የበሩን ማለቅ ሲጠብቅ እንቅልፍ ጥሎታል።

«አለቀ ብሎ ተማም ደወለልኝ» አለች በመስታወቱ በኩል። በወዲያ ዞራ ገባችና ሦስት ወር ባዶ የከረመው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሩን ዘጋችው። እጀታውን ጎተተች፤ ተከፈተ። መልሳ ዘጋችና ጎተተች፤ ተከፈተ። ሽብሩ ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«ተማም» ብሎ ተጣራ፣ «ለካ አንተም ሰው ነህ።» ወርዶ ሊያቅፈው የራሱን በር እጀታ ጎተተ። በሩ አልተከፈተም። ደግሞ ጎተተው።

ተማም በእታፈራሁ በኩል ጎንበስ ብሎ አንገቱን አስገባ። «ጋሼ፣ እሱ አሁን ከውጭ ብቻ ነው የሚከፈተው። የእትዬ በር ውስጥ የተበጠሰችው ሽቦ ገበያ ላይ የለችም። ጠዋት ሳትመጣ ካንተ በር አውጥቼ ለሳቸው ገጠምኩላቸው። ትንሽ ነገር ናት፣ ነገ ና።» እጁን በጨርቅ እየጠረገ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ሽብሩ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ ሊያወርድበት ተነፋ። መስታወቱ አይወርድም። በማርሹ ላይ ተሻግሮ በእታፈራሁ በኩል ልውጣ ቢል ሆዱ ከመሪው ሥር አልላቀቅ አለው።

«እስቲ ዞረሽ ክፈቺልኝ» አላት።

እታፈራሁ በሯን ራሷ ከፍታ ወረደች፤ ረጋ ብላም ዘጋችው። በመኪናዋ ፊት ዞራ መጥታ የሽብሩ በር አጠገብ ቆመች። እጇን እጀታው ላይ አሳረፈች፤ ግን አልጎተተችውም። የተማምን በርጩማ በእግሯ ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና በመስታወቱ በኩል ፊት ለፊት አየችው።

«አሁን ንገረኝ» አለች፤ «ይቺን መኪና ስትገዛ ለምን አልጠየቅከኝም?»