በሐምሌ ብስክሌት የሚነዳ ሰው

ለመዝናናት ብሎ በሐምሌ ዝናብ አራት ቀን ሙሉ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወልጄዋለሁ። ደግሞ የተማረ ነው!

ከአምቦ ሲነሳ፣ «እጃጂ ስትደርስ አክስትህ ቤት እረፍ» ብዬ ለመንኩት። ኔትወርክ ስለጠፋ ለእህቴ መንገር አልቻልኩም።

በማግስቱ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እህቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች። ሰው ሳይሞት ነጠላ ይዘቀዘቃል? «ልጄን!» ብዬ ጮህኩ። እሷ ደግሞ እኔን ስታይ ብሳ ጮኸች። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«አንቺ አልሞትሽም እንዴ?» አለችኝ።

«ልጄስ?»

«ምድጃ ዳር ትቼው መጣሁ! በዚህ ዝናብ ከመርዶ ነጋሪ በቀር በብስክሌት ማን ይመጣል? ‹እናትህ ደህና ናት?› ስለው ራሱን ወዘወዘ። ወዲያው ሚኒባስ ያዝኩ።»

«በርዶት እየተንቀጠቀጠ ነዋ፣ አንቺ ሴትዮ!»

በአራተኛው ቀን ልጄ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ። እጅ እግሩን አገላብጬ አየሁ፤ ደህና ነው።

«አክስትህ እንዴት ተቀበለችህ?» አልኩት።

«እንግዳ አትወድም መሰለኝ» አለ። «ገና እንዳየችኝ ቤቱን ጥላልኝ ወጣች።»