ሊቀ በረዶና ትኩሱ ድስት

በየቤተሰቡ ፍሪጅ በተከፈተ ቁጥር ከየት መጣ ሳይባል ከኋላ ቆሞ የሚገኝ አንድ ሰው አለ። የእኛንም ቤት እግዜር አልነፈገውም። የባሌ ታናሽ ወንድም ሠላሳ ዓመት ፍሪጅ ጠግኗል፤ ስለ ቅዝቃዜም ሳይጠየቅ ይመልሳል። እኔ «ሊቀ በረዶ» ብዬ ሾሜዋለሁ። ሹመቱን ከልቡ ነው የተቀበለው።

የሚኖረው ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ስለሆነ ድስት ሲንኳኳ ይሰማል።

«እትዬ፣ ትኩስ ነው እንዴ የከተትሽው?»

«ለብ ብሏል።»

ክዳኑን በጣቱ ነካ አድርጎ እንደ ሐኪም ዓይኑን ይጨፍናል። «ይሄ ነው ለብ ያለ? ጎረቤቱን ሁሉ ያሞቀዋል! አጠገቡ ያለው ሥጋ ምን በደለሽ?» ድስቱ ይወጣል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል። የቀለጠ ሥጋ ተመልሶ በረዶ አይደረግም። ቲማቲም አንዴ በረዶ ከሆነ ለማብሰያ እንጂ ለሰላጣ አይሆንም። ይህን ሁሉ ቆሜ ተምሬያለሁ፤ ሽንኩርቴ ከኋላዬ እያረረ።

አንድ ጊዜ የልጅ ልጆቼ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ረስተው ፈነዳ። ሌላ ሰው ቢሆን መጥረጊያ ይፈልጋል። ሊቀ በረዶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስብርባሪው ፊት ቆመ። «አያችሁ? ሌላው ነገር ሲበርደው ይኮማተራል። ውኃ ግን ኩሩ ነው፤ በረዶ ሲሆን ይነፋል።» የጠረግሁት እኔ ነኝ።

ከሕጎቹ ሁሉ የበላይ የሆነውን የሰማሁት ፍሪዘሬ በረዶ ጋግሮ አልዘጋ ሲለኝ፣ በቢላ ልፈቀፍቀው ስል ነው።

«ቢላ! እትዬ፣ ቱቦውን ልትበሺው ነው? በረዶ በቢላ አይነካም! ፍሪጁን ታጠፊዋለሽ፣ በሩን ትከፍቻለሽ፣ ከሥሩ ጨርቅ ታነጥፊያለሽ፣ ትጠብቂያለሽ። አለቀ።»

«ሰውስ በድንጋጤ ሲደርቅ በስንት ዲግሪ ነው?» አልኩት ልተነኩሰው።

«ንጹሕ ውኃ ነው በዜሮ የሚረጋው። ሰው ጨው አለበት፤ በቀላሉ አይረጋም» አለኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ባለፈው ወር፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ያሳደጋት አንዲት ልጁ ተዳረች። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አባዬ፣ ንግግር አድርግልኝ። ስለ ፍሪጅ አይደለም፤ ስለ እኔ።» ሦስት ሳምንት ሲጽፍና ሲሰርዝ ከረመ። ዘመድ ሁሉ የፈራው እንዳይረዝም ነበር።

ተነሣ። ማይኩንና ወረቀቱን ያዘ። ክው ብሎ ቀረ።

የሙሽራው አጎት እጅጌውን ጎተተ አደረገው። «ይናገሩ እንጂ! ሰው እየጠበቀ ነው! በሉ አጨብጭቡላቸው!» የበለጠ ደረቀ።

ከዚያ ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ተነሣችና፣ «ይተዉት» አለች። «በቢላ አይነካም።»

የእኛ ወገን በሳቅ ፈነዳ። የሙሽራው ወገን ቢላው የት አለ ብሎ ዞር ዞር አለ። እሷ የአባቷን እጅ ይዛ ቆማ ጠበቀች። እኔም የተማርኩትን አልረሳሁምና ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንሥቼ ሄድኩ። በሰዓቱ ነው የደረስኩት፤ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር።

«ልጄ» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ቤቴ… በሩ አይዘጋብሽም።» ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ። በሕይወቱ ያደረገው አጭሩ ንግግር ይኸው ነው። ልጅቱ ግን አንገቱን አልለቀው አለች።

እሷ ከሄደች በኋላ ላይኛው ፎቅ ዝም አለ። ድስት አንኳኳሁ፤ አልወረደም። ፍሪጁን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፤ አልወረደም። አንድ ሳምንት ሞላው። በስምንተኛው ቀን የሚፍለቀለቀውን ድስት ከእሳት አውርጄ፣ በቀጥታ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩና በሩን ላይኛው ፎቅ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ ደረገምኩት።

ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ።

«እትዬ! ትኩስ ነው እንዴ የከተትሽው?»

«ለብ ብሏል» አልኩት።