ሳጅን ማላኪና የሚያመልጠው ሙቀት

ፖሊስ ጡረታ ሲወጣ ኮፍያውን ያስረክባል፣ ዱላውን ያስረክባል፤ ዓይኑን ግን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም፤ ዳቦ ሊገዛ ገብቶ የመውጫ በሮቹን የሚቆጥር፣ ቀብር ላይ ቆሞ የለቀስተኛውን መኪና ታርጋ የሚያነብ። ካራሞር በምትባለው ትንሽ የአየርላንድ ከተማ ይህ ሰው ሳጅን ማላኪ ፊኒ ናቸው።

ሳጅን ሃያ ስምንት ዓመት ካራሞርን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሦስት ወር ቤት ዋሉ። በአራተኛው ወር ባለቤታቸው ዶሎሬስ ምርጫ ሰጧቸው፤ ወይ ሳጅን ሥራ ይፈልጋሉ፣ ወይ ዶሎሬስ እህታቸው ጋ ይሄዳሉ። ጊዜው ለሳጅን የቀና ነበር። አንድ የኃይል ቁጠባ ኩባንያ በየቤቱ እየዞረ ዕቃ የሚሸጥለት ሰው ይፈልግ ነበር፤ ግድግዳ ውስጥ የሚሞላ የብርድ መከላከያ፣ ውኃ የሚቆጥብ የሻወር ራስ፣ የጣሪያ ልባስ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። የኩባንያው ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ለሻጭ በሩን የማይከፍት ሰው ለሳጅን እንደሚከፍት ገብቷቸዋል። በእርግጥም ካራሞር ውስጥ ሳጅን ሲያንኳኩ ሁሉም ይከፍታል። መጀመሪያ የሆነ ነገር ይደብቃል እንጂ ይከፍታል።

የሳጅን ታሪክ የሚመነዘረው ዴርቭላ ማክጎዋን ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ዴርቭላ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የገዛ ሱቋ በር ላይ መኪና አቁማ ለፀጉር ቤቱ የገዛችውን መስታወት ስታወርድ፣ እዚህ ማቆም ክልክል ነው ብለው ሳጅን ቀጥተዋታል። መስታወቱ ተሰቅሎ፣ አርጅቶ፣ ተቀይሯል። ቂሟ ግን እንደ አዲስ ነው። ድምፃቸውን አስመስላ ስትናገር ደንበኞቿ ሽጉጥ የሰሙ ይመስል ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ።

በእሷ አተራረክ፣ ሳጅን አንድ ገበሬ ቤት ገብተው የማሞቂያውን ምድጃ ትክ ብለው አዩና ለመጨረሻ ጊዜ በባለሙያ የታየው መቼ እንደሆነ፣ በዚያን ጊዜ ማን ማን በቦታው እንደነበረ ጠየቁ። ገበሬው ላብ ላብ አለው። ጥያቄው ሦስት ጊዜ ሲደጋገምበት ማሞቂያውን ትቶ ፈቃድ ያላወጣለት ውሻ እንዳለው አመነ፤ ሳጅን ውሻውን በዝምታ ሲያልፉለት ጊዜ ደግሞ ከደስታው ብዛት የጣሪያ ልባስ ገዛ። ቄሱን ያገኟቸው መስኮት ከፍተው ማሞቂያ ሲያነዱ ነበር፤ “አባ፣ ይህ እጅ ከፍንጅ ነው” አሏቸው። ሙቀት በሳጅን ቋንቋ “ያመልጣል”፤ ጣሪያ “ተባባሪ” ነው፤ ያልተደፈነ የበር ሥር “ከድሮም የምናውቀው ወንጀለኛ” ነው። ሙቀት ቀይ አድርጎ የሚያሳይ ካሜራም ተሰጥቷቸው ነበርና መንገድ ዳር ቆመው የሰው ቤት ላይ ሲደግኑ የሚያይ ሁሉ መጋረጃውን ይዘጋ ነበር። መጋረጃ መዝጋት ደግሞ ሙቀት ስለሚቆጥብ ሳጅን ይህን እንደ ስኬት መዝግበውታል።

ዴርቭላም አልቀረላትም። አንድ ቀን ጠዋት መጥተው በፎጣዎቿ ጉዳይ አርባ ደቂቃ ያዟት፤ በቀን ስንት፣ በምን ያህል ሙቅ ውኃ፣ ለምን።

“ሳጅን፣ ፎጣ ማጠብ ወንጀል ሆነ?” አለቻቸው።

“ገና አልሆነም” አሉና ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

በጥቅምት ኩባንያው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ሳጅን ከረባታቸውን አስረው መድረክ ላይ ወጡ። ያለ ምክንያት የበራ አምፖል ሁሉ እጁን በኪሳችሁ የከተተ ሌባ ነው አሉ፤ ማሞቂያ ከመለኮሳችሁ በፊት ራሳችሁን “የግድ ነው ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ አሉ። ዴርቭላ ኋላ ተቀምጣ አፏን በሻርፗ አፍና ሳቀች። ፊት ረድፍ ላይ ግን ኮንሴፕታ ታይ እርሳስ ይዘው ይጽፉ ነበር።

እማማ ኮንሴፕታ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ ጨርሰዋል። ከሐይቁ አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቀጠሮ አሳልፈው፣ ሰልፍ ጥሰው፣ ሕግ የሚያስከብር ሰው የተናገረውን ቸል ብለው አያውቁም። ዴርቭላ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ድረስ እየሄደች ፀጉራቸውን ትሠራላቸዋለች።

በየካቲት ኩባንያው በቅዝቃዜው ወራት ከአውራጃው ሁሉ ትንሹን ኃይል የተጠቀመውን ቤት እንደሚሸልም አስታወቀ። የምስክር ወረቀት አለ፤ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ፎቶግራፍም አለ። አሸናፊዋ ኮንሴፕታ ታይ ሆኑ።

ሳጅን የምስክር ወረቀቱን በብብታቸው ይዘው ሲመጡ ዴርቭላ የእማማ ኮንሴፕታን ፀጉር እየጠቀለለች ነበር። ለነገ የምትተርከው አገኘች፤ ከረባቱን፣ የተወለወለውን ጫማ፣ ጉሮሮ መጥረጉን ሁሉ በልቧ ያዘች። ሳጅን ግን ንግግራቸውን አልጀመሩም። በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን አዩ። እማማ ኮንሴፕታ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሲተነፍሱ እንፋሎቱ ይታያል። ሳጅን ከኪሳቸው የፍጆታውን ወረቀት አውጥተው ቁጥሩን አንድ ጊዜ አነበቡት፣ ደገሙት።

“እማማ ኮንሴፕታ” አሉ ቀስ ብለው፣ “እንዲህ ያለ ቁጥር ሰው በሌለበት ቤት ነው የማውቀው።”

ከዚያ ሃያ ስምንት ዓመት የሠሩትን ሥራ ሠሩ፤ ጠየቁ። ድምፃቸው ግን ዴርቭላ አስመስላ የምታውቀው ድምፅ አልነበረም። ጥያቄ በጥያቄ ነገሩ ወጣ። ማሞቂያው ከጥቅምቱ ስብሰባ ወዲህ አልተለኮሰም። ሴትየዋ ሲመሽ ካፖርታቸውን እንደለበሱ አልጋ ውስጥ ይገባሉ። ድንች በሁለት ቀን አንዴ ይቀቅላሉ፤ በማግስቱ ቀዝቃዛውን ይበላሉ። ገንዘብ አጥተው እንደሆነ ሳጅን ቢጠይቁ እማማ ኮንሴፕታ ቅር አላቸው።

“እርስዎ ነዎት ያሉት፣ ሳጅን” አሉ። “‘የግድ ነው ወይ?’ ብላችሁ ጠይቁ አሉን። እኔም ጠየቅሁ። ለአንዲት አሮጊት ተብሎ ቤት ሙሉ ማሞቅ የግድ ሆኖ አላገኘሁትም።”

 ሳጅን ወደ ዴርቭላ ዞሩ።

“በዚህ የቅዝቃዜ ወራት ስንት ጊዜ መጥተሻል?”

“ስምንት… ዘጠኝ ጊዜ።”

“ሁልጊዜ ካፖርት ለብሰው ነው ያገኘሻቸው?”

“አሁን ገና ከቅዳሴ መመለሴ ነው ይሉኝ ነበር” አለች ዴርቭላ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካራሞር ውስጥ ቅዳሴ እንደሌለ ትዝ ያላት ይህን ስትናገር ነው። የእማማ ኮንሴፕታን እጅ በነካች ቁጥር ይቀዘቅዛት ነበር፤ እርጅና ነው ብላ አልፋዋለች። ፀጉር እየጠቀለለች፣ ሳጅንን እያስመሰለች፣ ሴትየዋን እያሳቀች ነበር የምትሄደው። አሁን የሳጅን ማስታወሻ ደብተር እስኪወጣ ጠበቀች። አልወጣም።

“እኔም በኅዳር መጥቼ ነበር” አሉ ሳጅን። “ግድግዳውን በካሜራ አየሁና ምንም ሙቀት አያመልጥም ብዬ አመስግኜ ሄድኩ።” ከዚያ የምስክር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍተው አስቀመጡና “ተሳስቻለሁ” አሉ።

ይህን ቃል ካራሞር ከሳጅን አፍ ሰምታ አታውቅም። የከተማዋን ሁለት መንትያ ወንድማማቾች አምታተው የማይጠጣውን በስካር ያሰሩ ጊዜ እንኳ፣ ሁለቱም ቢታሰሩ አይጎዳቸውም ነበር ያሉት።

ሳጅን ካፖርታቸውን አውልቀው ማሞቂያው ፊት ተንበረከኩ። እንቢ አላቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ሲታገሉ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ከረባታቸው ጥላሸት እየነካ፣ “የግድ ነው” እያሉ ሲያጉረመርሙ ዴርቭላ ሰማች። እማማ ኮንሴፕታ ሽልማቱ እንዳይቀርባቸው ፈርተው “ተዉት” ይሉ ነበር። በመጨረሻ ማሞቂያው ተነሣ።

“ይህ እስከ ፋሲካ ድረስ እንዳይጠፋ” አሉ ሳጅን በድሮው ድምፃቸው። “ትእዛዝ ነው።”

“ጡረታ ወጥተዋል እኮ” አሉ እማማ ኮንሴፕታ።

ሳጅን ከወለሉ ላይ ቀና ብለው አዩዋቸው። “እንግዲያው ልመና ነው” አሉ።

ክፍሉ እስኪሞቅ ሳይሄዱ ቁጭ አሉ። እማማ ኮንሴፕታ ካፖርታቸውን ሲያወልቁ ከሥሩ ሁለት ሹራብ ነበር፤ ከሹራቡ ሥር ደግሞ ዴርቭላ ከምታውቃቸው ሴት ከክሳት የተነሣ ግማሻቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። መንግሥት ለአዛውንት የሚሰጠው የማገዶ ድጎማ ነበር፤ የግድ አይደለም ብለው አላመለከቱም። ሳጅን ቅጹን እዚያው እንደ ክስ መዝገብ ሞሉት፤ ስም፣ አድራሻ፣ የጉዳዩ ዝርዝር።

ለኩባንያቸውም ሦስት ገጽ ሪፖርት ጻፉ። ኩባንያው ባነበበው ማዘኑን ገለጸና ሽልማቱን ለሁለተኛው አሸናፊ አዞረው። ሁለተኛው አሸናፊ ደብሊን የሚኖር የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ሐይቁ ዳር ያለችውን የመዝናኛ ቤቱን ከመስከረም ጀምሮ የረገጣት ሰው የለም። የምስክር ወረቀቱን የሚያስረክቡት ሳጅን እንዲሆኑ ታዘዘ፤ ታዛዥ ናቸውና አስረከቡ።

ሳጅን ሥራቸውን አልለቀቁም። ዛሬም በየቤቱ ያንኳኳሉ፣ ዛሬም ሰው ውሻውን ይደብቃል። የፀጉር ቤቷ ደንበኞች እንደሚሉት የተለወጠ ነገር ቢኖር፣ ገና በሩ ሳይከፈትላቸው “ይበርዳችኋል?” ብለው መጠየቃቸው ነው፤ አጠያየቃቸው ግን ሰውን አልቅሶ ጥፋቱን እንዲያምን የሚያደርግ ነው።

ፎቶግራፉ በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሐኪሙ ጥርሱን አሳይቶ ይስቃል። ሳጅን ጎኑ ቆመዋል፤ ፊታቸው ዳኛ ሌባን በነጻ ሲለቅባቸው የሚያሳዩት ፊት ነው። ዴርቭላ ቆርጣ መስታወቷ ላይ ለጥፋዋለች። ለምን እንደለጠፈችው የሚጠይቋትን ሁሉ ለመሳቅ ነው ትላቸዋለች፤ አንዳንዶቹም ያምኗታል።