መራመድ በኪራይ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ አዳማ ከዳር እስከ ዳር ተወልውላ አየኋት። ጉድጓድ የለ፣ ኮብልስቶን የለ፣ አቧራ የለ፤ መንገዱ ሁሉ እንደታጠበ ትሪ ያበራል። ሰዉም በሙሉ ባለ ጎማ ጫማ ተጫምቶ ሽው ይላል። ነፍሰ ጡሯ ትንሸራተታለች፤ ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን እንደያዘ ይንሸራተታል፤ አንድ ቄስ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ነፋሱ እየገፋቸው አለፉ። በእግሩ የቆመ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያውም በነጠላ ጫማ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በእውኑ ዓለም አዳማ ውስጥ ስኬቲንግ ቤት አለኝ። ድሮ የበቆሎ መጋዘን የነበረ አዳራሽ ተከራይቼ፣ ወለሉን አስለስኜ፣ ባለ ጎማ ጫማ እያከራየሁ ወጣቱን አንሸራትታለሁ። ከዚያ ቤት ሌላ ሙያም የለኝ፣ ሌላ ፍቅርም የለኝ። ታዲያ የአዳራሹ ባለቤት ወይዘሮ ጌጤነሽ ሰሞኑን የሠርግ ቤት ላደርገው ነውና ልቀቅልኝ አሉኝ። ሽማግሌ ልኬባቸው መልሱን እየጠበቅኩ ነበር የተኛሁት። እንግዲህ ከተማው ሁሉ ሲንሸራተት ሳይ፣ በቃ ሥራዬ አሸነፈ ብዬ ዘለልኩ።

መሬት ስነካ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ኮቴዬን ሰማ። በአንድ እግሩ ተሽከርክሮ ፊቴ ደረሰና ሰላምታ ሰጠኝ።

«አባት፣ እየተራመዱ ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«ፈቃድ አለዎት?»

ለመራመድ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል ብዬ ብጠይቀው በጣም አዘነልኝ። መንገድ ላይ መራመድ ከተከለከለ ቆይቷል አለኝ፤ ያማረው ሰው እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ መራመጃ ቤት ይሄዳል። ወዲያው ጋሪ አስቁሞ ጫነኝ። ጋሪውን የሚጎትተው ግን ባለጋሪው ራሱ ነበር፤ እሱም በጎማ። ፈረሱ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኩት። ዘመዱ ሹመት እንዳገኘ ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ «አስተማሪ ሆኗል» አለኝ። «ወደሱ ነው የምወስድዎ።»

መራመጃ ቤት የተባለው የኔው አዳራሽ ሆኖ ተገኘ። ደጁ ላይ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ወርዷል። ወጣቶቹ ጎማቸውን እያወለቁ ኮንጎ ጫማ ይከራያሉ። እኔ ላቤን አንጠፍጥፌ ያለሰለስኩት ወለል ላይ ጠጠር ተበትኖበታል፣ አቧራ ተነስንሶበታል፤ በስተጥግ ደግሞ ለጎበዞቹ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ቱቦ አለ። ጀማሪዎቹ ግድግዳ ሙጭጭ ብለው ይዘዋል። አንዲት ልጅ ግድግዳውን ለቃ ጥቂት ከተራመደች በኋላ በደስታ አለቀሰች፤ ጓደኞቿም አቧራ የነካውን እግሯን ፎቶ አነሱላት።

አስተማሪው ፈረስ መምህር ዳማ ይባላሉ። መነጽር አድርገዋል፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። «ተረከዝ ይቅደም፣ ጣት ይከተል» እያሉ በመሃል ይዞራሉ። እሳቸው አራት እግር ስላላቸው ለማሳየት ይመቻቸዋል።

እንዴት እዚህ ደረስን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ድሮ ሰው ሊንሸራተት እዚህ ይገባና እየተራመደ ይወጣ ነበር» አሉኝ። «ቀጥሎ ጫማውን ሳያወልቅ መውጣት ጀመረ። ቀጥሎ ቢሮውም፣ ለቅሶውም በጎማ ሆነ። ውጭው ሁሉ ስኬቲንግ ቤት ከሆነ፣ ከፍሎ የሚገባ ማን አለ? ስለዚህ ውጭ የጠፋውን ወደ ውስጥ አስገባነው።»

ነገሩ ገባኝ። ፈረስ ሲያስረዳ ልዩ ነው።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጥፎውን ወሬ ነገሩኝ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ጠጠሩን ጠርገው፣ ወለሉን ወልውለው፣ አዳራሹን የሠርግ ቤት ሊያደርጉት ነው። በከተማው የቀረው ጠጠር ደግሞ ያ ብቻ ነበር። በእውኔ ለስላሳው ወለሌ ሊቀማ ነው ብዬ ስንገበገብ የነበርኩ ሰውዬ፣ በሕልሜ ለጠጠሩ እኩል ተንገበገብኩ። ሽማግሌ እንላክባቸው አልኩ፤ መምህር ዳማም ሌላ መድኃኒት የለውም አሉ።

የመጡት ሽማግሌዎች በእውኔ የላክኳቸው እነዚያው ሦስቱ ናቸው፤ ከባቡር ጡረታ የወጡት አባባ መንክር፣ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሪና የዕድራችን ዳኛ አቶ ቶሎሳ። አባባ መንክር በእውኑ ዓለም መንገድ ለመሻገር ከዘራቸውን ተደግፈው ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው ሰው ናቸው። በሕልሜ ግን ባጃጅ ቀድመው መጡ። ልጆቻቸው ከኋላ እየተከተሉ ቀስ በሉ ይሏቸዋል፤ የሚሰማ የለም።

የወይዘሮ ጌጤነሽ በር ላይ ስንደርስ ችግር ተፈጠረ። ሐጂ ኑሪ አባባ መንክርን ይቅደሙ አሏቸው። አባባ መንክር ደግሞ በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ አሉ። አቶ ቶሎሳ ሁለቱንም ለመኑ። ጎማ ግን ቆሞ አይጠብቅም፤ ሲገባበዙ በሩ አለፋቸው። ሰፈሩን ዞረው ተመለሱና እንደገና ተገባበዙ፤ እንደገና አለፋቸው። በመጨረሻ መምህር ዳማ ትዕግሥታቸው አልቆ ከኋላ ቆሙና ሦስቱንም በግንባራቸው ገፍተው አስገቧቸው።

ወይዘሮ ጌጤነሽ በረንዳ ላይ ቆሎ ይዘው ተቀምጠዋል። ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። ሽማግሌ እንደምታውቁት የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ነውር ነው። አባባ መንክር ቀጥ ብለው ቆሙና፣ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። ግቢው ወደ በሩ ቁልቁል ስለነበር ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሦስቱም በተርታ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ከግቢው ወጡ።

ዞረው ሲመጡ ሐጂ ኑሪ፣ «ጉዳያችንም የአዳራሹ» እስኪሉ ድረስ ቆዩና ወጡ። በሚቀጥለው አቶ ቶሎሳ፣ «ጠጠር ነው» አሉና ወጡ።

ወይዘሮ ጌጤነሽ ወደኔ ዞረው፣ «ቢቀመጡ ኖሮ እስካሁን ባለቀ» አሉኝ።

«አይቀመጡም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበሩ» አሉና ቆሏቸውን ቆረጠሙ።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ሲመጡ ወይዘሮ ጌጤነሽ የጃንጥላቸውን ቆልማማ እጀታ ዘርግተው አባባ መንክርን በኮታቸው ያዟቸው። ሌሎቹ ሁለቱ የአባባን ኮት ጨብጠው ተንጠለጠሉ። ያኔ ጠጠር ለሰው ምን ይጠቅመዋል ሲሉ ጠየቁ።

አባባ መንክር ትንሽ አሰቡ። «ልጄ፣ ድሮ እንግዳ ሆኜ ስሄድ ባለቤቱ እስከ መንገዱ ይሸኘኝ ነበር» አሉ። «እየተራመድን ቤት ውስጥ ያልተነሳውን ጨዋታ የምናነሳው ያኔ ነበር። አሁን ደህና ሁን ብዬ ዘወር ስል ሰውዬው ሞጆ ደርሷል። መሸኛ የሚሆን መሬት ተዪልን።»

እኔ አለቀስኩ። መምህር ዳማም መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ቆሎውን አስቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲያው መልሴን ስሙ» ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ አንድ ነገር ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

ሚስቴ ባንቺአየሁ ነበረች። «ተነስ፣ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ናቸው» አለችኝ።

ጋቢዬን እየጎተትኩ ወጣሁ። ሦስቱም ቆመዋል። ጎማ የላቸውም። ግቡ ብላቸው እንቢ አሉ፤ ፊታቸውን አይቼ ስኬቲንግ ቤቴ ጠፋ አልኩ በልቤ።

«ፈቅዳለች» አሉ አባባ መንክር። «አዳራሹ ያንተው ነው።»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው ቆይ አሉኝ። የቀረውን አቶ ቶሎሳ አጥሩን እያዩ ነገሩኝ። ትናንት ሲለምኑ ሐጂ ኑሪ ንግግር ቀንቷቸው፣ ስኬቲንግ ለወጣት ብቻ ሳይሆን ለሽማግሌም ለጉልበት፣ ለደም ግፊት፣ ለእንቅልፍ ፍቱን ነው ብለው ኖሯል። ወይዘሮ ጌጤነሽም እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ በእናንተ ልየው አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር ይዘው መጥተው ያያሉ። ሽማግሌዎቹ የቀሩ ቀን አዳራሹ የሠርግ ቤት ይሆናል። ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

ሐጂ ኑሪ መሬት መሬት ያያሉ። ባንቺአየሁ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ በሳቅ ትንቀጠቀጣለች።

አባባ መንክር ከዘራቸውን ለሚስቴ አቀበሉ፣ ደጃፉ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩና ቀና ብለው፣ «አርባ ሦስት ቁጥር አለህ?» አሉኝ።