ከበሮው፣ ዳገቱና የጾም መድኃኒቴ

ሰው አምሳን ሲያልፍ ሁለት ነገር ይወዳል፦ ምክር መስጠትና መድኃኒት መዋጥ። ማር እንኳ ሲበዛ ይመራል የሚለውን ተረት ለጎረቤቱ ይነግራል እንጂ ለራሱ መች ይሰማዋል?

አምና የጎንደር ጥምቀት ላይ ከበሮ ይዤ ታቦቱን አጅበን ስንመለስ፣ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረኝና ምቱን አበላሸሁት። ዝማሬው ሁሉ ተዛባ። የደብራችን አለቃ፣ የንስሐ አባቴም ናቸው፣ ለዘብ ብለው፣ ለከርሞም እንዲህ ካለከለክህ ከበሮውን ለወጣቶቹ ታስረክባለህ አሉኝ። አባቴ ሲመታው የኖረውን ከበሮ! እውነቱን ልናገር፣ ሆድ ባሰኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ ጾመ ነቢያት ሲገባ በየጠዋቱ ዳገት መውጣት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ብቆም ደግ ነበር። ነገር ግን ስልኬ ላይ አንድ ጉድ አነበብኩ፦ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ሴላችን ውስጥ ሥራውን ሲሠራ ፍንጣሪ አለው፤ ፍንጣሪው ሴሉን እየለበለበ ያስረጀናል፤ ማጥፊያው አንቲኦክሲዳንት ነው። ጠላት በገዛ ገላዬ ሰፍሮ ዝም ልበል? ካፕሱሉን ገዝቼ ጠዋት ማታ በእጥፍ እውጠው ጀመር። ትንፋሼ ግን ንቅንቅ አላለም።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው የእህቴ ልጅ ብልቃጡን ስታይ ሳቀች። ጋሼ፣ ፍንጣሪው የሚጎዳው ሲበዛ ነው አለችኝ፤ በልኩ ሲሆን ጀርም ይገድላል፣ ዳገት ሲወጡም ሰውነትዎን በርታ ብሎ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው፤ እርስዎ መምህሩን አፉን ሳይከፍት እያባረሩት ይሆናል። ቀጥላም ብልቃጡን ገልበጥ አድርጋ አነበበችና፣ ሽፋኑ ከከብት ቆዳና አጥንት የተሠራ ነው፣ እየጾሙ አልነበር እንዴ አለች።

የፊተኛው ትምህርት ከጆሮዬ በነነ። ለካስ ጾሙን ጠዋት ማታ በሬ ስበላ ከርሜያለሁ።

ወደ አለቃ ሮጥኩ። ምነው ልጄ፣ ሽሮው ሸጋ አድርጎ ያኖርህ አልነበር አሉና ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑት። ቀኖናም ሰጡኝ፦ ካፕሱሉን ጣል፤ ከቅዳሜና እሑድ በቀር በየጠዋቱ ላብህ ጠብ እስኪል ስገድ።

ሰገድኩ። ላቤ ጠብ እስኪል ሰገድኩ። ጥምቀት ደረሰ፤ ያንን ዳገት ከበሮዬን እየመታሁ ወጣሁት፣ አንድም ምት አልተዛነፈብኝ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ። አለቃም ከበሮው የአንተው ነው አሉኝ።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ለከርሞው ጾም ቀኖና የሚያሰጥ፣ ግን ሲኦል የማያስገባ፣ ልከኛ ኃጢአት ከየት ላምጣ?