ገመዱ ተነቅሎም «ደርሷል»

በመሥሪያ ቤት ውስጥ «ደርሷል» የሚለውን ቃል ያህል የሚወደድ ነገር አላየሁም። አለቃ ደስ ይለዋል፣ ጸሐፊ እፎይ ትላለች። በእርግጥ ደርሷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰውስ ምን ይባላል? ነገረኛ። እንግዲህ የናዝሬቷ ነገረኛ እኔ ነኝ።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት እህል በሚያጓጉዝ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ውጭ አገር ኮምፒዩተር ተምሬ መምጣቴን እናቴ ለጸሎት ቡድኗ ሳይቀር ስላወጀች፣ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ቢሯችን ውስጥ ሁለት ኮምፒዩተሮች በገመድ ተያይዘዋል። ወይዘሮ ጽጌ ፎቅ ላይ ሆነው የመኪና ትእዛዝ ይጽፋሉ፤ የስምሪት ኃላፊው አቶ ገመቹ ታች አንብበው መኪና ያሰማራሉ።

አንድ ቀን ከአቦምሳ ስልክ ተደወለ። ስንዴው ሜዳ ላይ ተከምሯል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ መኪና የለም። ወይዘሮ ጽጌ ልኬያለሁ አሉ፤ ማሽኑም «ደርሷል» ብሏቸዋል። አቶ ገመቹ ምንም አላየሁም ብለው መኪኖቹን ወዲያው አስነሡ። ሥራ አስኪያጃችን ግን ለነገሩ ስም አወጡለት፤ አሻጥር። ያን ጊዜ ይህ ቃል ሰው ያሳስር ነበር። ወይዘሮ ጽጌ ኮሚቴ ፊት እንደሚቀርቡ ሲነገራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ።

ማሽናቸው ዘንድ ሄድኩና ገመዱን ነቅዬ፣ «እስቲ አሁን ይላኩ» አልኳቸው። ላኩ። ገመዱ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ማሽኑ «ደርሷል» አለ።

ጥፋቱ የድራይቨሩ ነበር፤ ማሽኑን ከገመዱ ጋር የሚያነጋግረው ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። መልእክቱን ይልክና መልስ ይጠብቃል፤ መልስ ሲያጣ ግን ተሳክቷል ብሎ ያልፋል። ተቃውሞ ከሌለ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል እንደሚባለው። ይህን አመል ከየት ተማረ? ስብሰባችን ላይ ተቀምጦ መሆን አለበት።

ጥፋተኛው ድራይቨሩ ነው ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ባስረዳ፣ ስልኩን አነሡና «የትኛው ሹፌር ነው?» አሉኝ። የአቦምሳ መስመር ሹፌር ከሥራ ከመታገድ ለጥቂት ተረፈ። ሥራ አስኪያጁን ማሽኑ ዘንድ ወስጄ የተነቀለውን ገመድ አስያዝኳቸው። ማሽኑ «ደርሷል» ሲል ገመዱን አገላብጠው አዩት። የኮሚቴው ነገር በዚያው ቀረ። ስንዴውም ዝናቡ ሳይነካው ገብቶ ነበር።

ከዚያ ድራይቨሩን አስተካከልኩት። መልስ ካጣ ደግሞ ይሞክራል፤ አሁንም ካጣ «አልደረሰም» ብሎ ይናገራል። «አልደረሰም» የሚለው ቃል መጀመሪያ የታየ ቀን ወይዘሮ ጽጌ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። አቶ ገመቹ «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ። ያን ቀን በጋሪ ወደ ቤቴ ስሄድ አቀማመጤ የጄኔራል ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ እኔም ተገመገምኩ። ይህች ጓድ ማሽኑን ከመንካቷ በፊት አንድም ስሕተት እንዳልነበረበት፣ ከነካችው ወዲህ ግን በየቀኑ እንደሚሳሳት በጥብቅ ተነሣ። የምስጋና ሰርተፍኬቱ ለጎረቤት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። የእነሱ ማሽን የእኛው መንትያ ነው፤ እኔ ስላልነካሁት ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።